ለሁሉም የተከፈተ ኮምፒውተር እንዴት ይቆለፍ?

የተከበራችሁ የቤተ መጻሕፍትና የወጣት ማዕከል ሠራተኞች፣ የአይሲቲ መምህራን፣ ውድ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የመጣሁት ስለ አንድ ኮምፒውተር ላወራችሁ ነው። እዚህ ሐዋሳ በየማዕከሉ ጥግ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ተራ ስለሚጠብቅለት ኮምፒውተር። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ተማሪው ይሰለፍበታል። ሥራ ፈላጊው ሲቪውን ይልክበታል። እናት የልጇን ምዝገባ ታስሞላበታለች።

እስኪ አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብራውዘሩ ላይ አንድ ፊደል ስትነኩ የማታውቁት ሰው ኢሜይል ይመጣላችኋል። ዳውንሎድ ውስጥ የሰው መታወቂያ፣ የሰው የሕክምና ወረቀት ተቀምጧል። ቴሌግራሙ እንደተከፈተ ነው። እኛ ግን "ተጨናንቋል፣ ፎርማት ይደረግ" ብለን እናልፈዋለን። ይህ የሰው ገመና አደባባይ መውጣት ነው! የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ሰው ምስጢሩን የሚያጣበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ "እንቆልፈው" ስል ሰውን ለመከልከል አይደለም። የሆቴል አንሶላ ለቀጣዩ እንግዳ እንደሚቀየር፣ ይህም ማሽን ለቀጣዩ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቅረብ ነው የምለው።

ለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል። በዚህ ሰበብ ወደ መጋዘን የሚገቡ ማሽኖች አሉ። 4 ጊጋ ራም፣ ማለትም ማሽኑ ሲጠፋ ባዶ የሚሆን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ካላቸው ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። በዊንዶውስ ፈንታ የምንጭነው ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ የላይሰንስ ክፍያ የሌለው ሥርዓት ነው። ሙሉ ዴስክቶፕ አንጭንበትም። መስኮቶችን የምታስተዳድረው ኦፕንቦክስ የምትባለው ቀላል ፕሮግራምና ብራውዘሩ ፋየርፎክስ ይበቃሉ። ማሽኑ ሲነሳ የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሌለው አካውንት በራሱ ይገባል። ፋየርፎክስም በኪዮስክ ሞድ፣ ማለትም ሙሉ ስክሪኑን ይዞ ሌላ ነገር ሳያሳይ፣ ይከፈታል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ልክ አይደለም። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ2ን አንድ ላይ የተጫነ ልጅ ከብራውዘሩ ውጭ የሆነ ጥቁር የመግቢያ ስክሪን ያገኛል። እሱን መንገድ ስክሪኑን በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በኤክስ ሰርቨሩ፣ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ እንዘጋለን። ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ባዮስም ፓስወርድ ይኑረው፤ ከፍላሽ መነሳትም ይከልከል። ሳጥኑም በቁልፍ ይዘጋ፤ ምክንያቱም በብዙ ዴስክቶፖች ላይ ትንሿን ባትሪ የነቀለ ሰው የባዮሱን ፓስወርድ ያጠፋዋል።

ዋናው ነገር ግን ማሽኑ ያለፈውን ተጠቃሚ መርሳቱ ነው። የተጠቃሚው ፎልደር ራም ላይ እንዲቀመጥ እናደርጋለን። ሰውዬው ሲወጣ፣ ወይም ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ ሳይነካው ሲቀር፣ ብራውዘሩ ይዘጋና ፎልደሩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲስተሙ ያለበት ዲስክም የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ይሆናል። ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ የሚበላሽ ፋይል አይኖርም። መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳም ባዮስ ላይ ማዘዝ ይቻላል።

ፍላሽ ጨርሶ ይከልከል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሲቪውን በፍላሽ ይዞ የመጣን ልጅ ምን ልንለው ነው? ፋይሉ ይነበብ፣ ፕሮግራም ግን ከፍላሹ ላይ አይነሳ። ሊኑክስ ይህን በአንድ መስመር ትእዛዝ ይፈቅዳል።

ቋንቋውን አንርሳ። የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ ካልተጫነ ሰው በገዛ ቋንቋው መጻፍ አይችልም። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ያለ ብዙ ጣጣ ይሄዳል። መነሻ ገጹ ግን በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ፣ ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ዲስኩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

በሩ አጠገብ እንዲህ የተዘጋጀ አንድ ኮምፒውተር አለ። ከሻይ በኋላ በተለይ ወጣቶች ቁጭ በሉና ለማምለጥ ሞክሩ። ክፍተት ያገኘ ሰው እባካችሁ ይንገረኝ፤ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አብረን እንደፍነዋለን። አመሰግናለሁ።