መርፌው ካንሰሩን አያድንም፤ ግን እናውራበት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ወይ ራሳችሁ ታማችኋል፣ ወይ የምትወዱትን ሰው እያስታመማችሁ ነው። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አኩፓንክቸር፣ ማለትም ሰውነት ላይ ቀጫጭን መርፌዎች በመሰካት የሚሰጠው ሕክምና፣ ካንሰርን አያድንም። ዕጢውን አያሳንስም፣ ስርጭቱንም አያቆምም። ያድናል የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ይባስ ብሎም "የካንሰር መድኃኒቱን ኬሞ ተዉት፣ የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን ጣሉት" ካላችሁ፣ ተነሥታችሁ ውጡ።

ታዲያ ለምን አነሣዋለሁ? ካንሰሩ ገፍቶ "ከዚህ በኋላ አይድንም" ከተባለ በኋላም ሰውየው ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። "በቃ፣ ምንም የሚደረግ የለም" የሚለው ቃል በጣም ያናድደኛል። ማስታገስም እኮ ሕክምና ነው! አኩፓንክቸር ቦታው እዚህ ጋ ነው፤ ከሐኪሙ መድኃኒት ጎን፣ በእሱ ምትክ ሳይሆን።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ውስጡ መድኃኒት የለውም። ታማሚው ተኝቶ ወይም ተደግፎ መርፌዎቹ በተመረጡ ቦታዎች ላይ ይገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ። ትንሽ የመደንዘዝ ወይም የመክበድ ስሜት ይኖራል። መነሻው ጥንታዊው የቻይና ሕክምና ነው፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ የሚያዩት ነርቮችን ሲነካ ሰውነት በራሱ የሚሠራቸውን ሕመም ማስታገሻዎች እንዴት እንደሚቀሰቅስ ነው።

ማስረጃ አለው ወይ? በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ኬሞ ለሚያመጣው ማቅለሽለሽና ትውከት እንደሚረዳ ተስማምተዋል። ለዚህ በብዛት የሚነካው ቦታ ከእጅ አንጓ በላይ፣ በውስጠኛው ክንድ በኩል ያለው ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ነው፣ ምክንያቱም ካንሰራቸው የገፋ ሰዎችን ነው ያየው። 298 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ አኩፓንክቸር፣ ገሚሶቹ ማሳጅ አገኙ፤ በሁለቱም ወገን ሕመሙ ቀነሰ፣ በመካከላቸውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሁለቱንም ያላገኘ ሦስተኛ ቡድን ግን ስላልነበረ ለውጡ ምን ያህሉ ከመርፌው እንደመጣ ጥናቱ አይነግረንም። ሌሎች ጥናቶችም ላይ በአስመሳይ መርፌ፣ ማለትም ቆዳ በማይወጋ ወይም ትክክለኛው ቦታ ላይ በማይገባ መርፌ፣ የታከሙ ሰዎች ሕመማቸው ቀለል ሲል ታይቷል። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፣ ልክ የሆነ ተስፋ እንዲኖራችሁ ነው። መርፌ የሚፈራ ሰው ካላችሁ አታስጨንቁት፣ ማሳጅ ይሞክር።

አሁን ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። መጀመሪያ የካንሰር ሐኪሙን አማክሩ። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ሲያወርድ ትንሽ ቀዳዳም የኢንፌክሽን በር ትሆናለች፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ሲያንስ ወይም ደም ማቅጠኛ ሲወሰድ ደግሞ መድማት ያሰጋል። ዕጢው ባለበት ቦታና በሊምፍ ፈሳሽ ያበጠ እጅ ወይም እግር ላይ መርፌ አይገባም። ካንሰሩ የጀርባ አጥንት ውስጥ ከገባ፣ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ካለ፣ ባለሙያው መርፌ ከማንሣቱ በፊት ይወቅ፤ በተለይ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ዓይነት ከልብ መሣሪያ ጋር አታገናኙት። በጣም የከሳ ሰው ደረት ላይ በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው፣ የካንሰር ታማሚዎችን የማከም ልምድ ያለው ባለሙያ ፈልጉ። መርፌው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን፣ ፊታችሁ ከማሸጊያው ሲወጣ እዩ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ ታማሚው "አልተሻለኝም፣ መመላለሱ አድክሞኛል" ካለ ደግሞ አቁሙለት። የሱ አካል ነው፣ የሱ ጊዜ ነው። እኛ አስታማሚዎች አንዳንዴ ለራሳችን ጭንቀት ብለን ነው የምናመላልሳቸው።

እሺ፣ አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።