ከ«እስከ መቼ?» በኋላ የመጣ ምስጋና

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

«በመከራ ጊዜ በጸሎት ስለሚገኝ ምስጋናና እምነት ተናገሪ» ተብዬ ስጠየቅ፣ እሺ ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ርእሱን ስላልወደድሁት አይደለም። በዚህ ርእስ ሲናገሩ የሰማኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ መጨረሻው ያማረ ታሪክ ነበራቸው። በሽተኛው ተነሥቷል፣ ዕዳው ተከፍሏል፣ የተዘጋው በር ተከፍቷል። የእኔ ታሪክ እንደዚያ አያልቅም። ታናሽ ወንድሜ አልዳነም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ «ይድን ይሆን?» እያላችሁ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ነው። ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ሌላ ነገር ነው።

የወንድሜ ኩላሊቶች ሥራቸውን ያቆሙት በ34 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል፣ ደሙ በቀጭን ቱቦ እየወጣ በማሽን ታጥቦ ይመለስለት ነበር። እኔ አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው የእጄ ጀርባ ቱቦውን ነካው። ይሞቃል። ወንድሜን ሕፃን ሳለ አዝዬው ነበር፤ ያ ሙቀት የማውቀው ሙቀት ነው።

ሕመሙን በቅርብ የማያውቅ ሰው ማሽኑና መርፌው የሚከፋ ይመስለዋል። ወንድሜን የፈተነው ግን ጥም ነበር። ኩላሊት ካልሠራ የጠጡት ውኃ መውጫ የለውም። በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፣ ልብ ይደክማል። ስለዚህ ውኃ በልክ ነው። ከእጥበቱ በፊትና በኋላ በሽተኛው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በሁለት እጥበት መካከል የጨመረው ኪሎም ምን ያህል እንደጠጣ ይናገርበታል። ወንድሜ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ እንደ ተማሪ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

በዚያን ጊዜ በአገናኝ መንገዱ የሚያገኘኝ ሁሉ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ይህ ቃል ስንወለድ ጀምሮ በአፋችን ያለ ነው፤ ሳናስበው ይወጣል። አንድ ቀን ግን ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁትና ደነገጥሁ። ምኑን ነው ያመሰገንሁት? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስሁ። በእግዚአብሔር ስም የዋሸሁ መሰለኝ።

ጸሎቴስ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸሎቴ ድርድር ነበር። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርግልሃለሁ» እል ነበር። ወንድሜ ሲሻለው ውሉ የጸና ይመስለኛል፤ ሲብስበት ውል ያፈረስሁት እኔ ነኝ ብዬ ኃጢአቴን ስቆጥር አድራለሁ። እያደር ድርድሩም አለቀ። ተንበርክኬ የምናገረው አጣሁ። በልቤ ያለው ቁጣ ብቻ ነበር፤ ቁጣን ደግሞ ወደ እግዚአብሔር ፊት ይዞ መቅረብ ነውር ነው ብዬ አምን ነበር።

ያን ጊዜ ነው መዝሙረ ዳዊትን እንደ አዲስ ማንበብ የጀመርሁት። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው የምስጋናውንና የውዳሴውን ክፍል ነው እንጂ፣ ከ150ው መዝሙር ሲሶ ያህሉ እሮሮ ነው። መዝሙር 13 «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ «እስከ መቼ» የሚለው ጩኸት አራት ጊዜ ይደጋገማል። መዝሙሩ በጠቅላላው ስድስት ቁጥር ነው፤ መጨረሻው ዝማሬ ነው። ደጋግሜ አነበብሁት። በጩኸቱና በዝማሬው መካከል ጠላት ወደቀ አይልም፤ ደዌው ተፈወሰ አይልም። የተለወጠ ነገር ቢኖር ሰውየው ምሬቱን ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለእግዚአብሔር መናገሩ ነው።

መዝሙር 88 ደግሞ ከዚህም ይጨክናል። እዚያ ዝማሬ እንኳ የለም፤ የመጨረሻው ቃል ጨለማ ነው። ይህ መዝሙር ከመጽሐፉ አልወጣም። በጨለማ የሚያልቅ ጸሎትም ጸሎት ነው ተብሎ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀመጠ። ይህን ባየሁበት ሌሊት ከብዙ ወራት በኋላ የመጀመሪያውን እውነተኛ ጸሎቴን ጸለይሁ። አንድ ቃል ነበር፤ «ደክሞኛል»። ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት ትንሽ ልናገር። የሐና ታሪክ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ መጀመሪያ ላይ አለ። ልጅ አጥታ፣ በጣውንቷ እየተነቀፈች፣ እህል አልበላ ብሏት ወደ ሴሎ ቤተ መቅደስ ገባች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እሷ ግን ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደሆነ ነገረችው፤ እሱም በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። ቀጥሎ ያለውን ብዙዎቻችን ቸኩለን እናልፈዋለን፤ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ አልነበረም። ልብ በሉ፤ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ክንዷ ያው ባዶ ነው፤ ጣውንቷም እዚያው ናት። ፊቷን የፈታው የለመነችው ነገር አይደለም፤ ገና በእጇ አልገባምና። ሸክሟን የምታራግፍበት ሰሚ ማግኘቷ ነው። እኔ እምነት የምለው ይህን ነው። የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ አይደለም፤ የሚሰማኝን ማወቅ ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። የቀኑ የውኃ ድርሻው በአንዲት መስመር በተሰመረባት መለኪያ ትቀመጣለች። በኋላ አንድ ዘዴ ተማረ፤ ከድርሻው ከፍሎ ያቀዘቅዘውና በረዶ ያደርገዋል። በረዶ በአፍ ውስጥ ይቆያል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ አንዲት ቁራጭ ምላሱ ላይ አኖርሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። አልነከሳትም፤ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ቀስ እያደረገ አዛወራት። አልቃ እስክትጠፋ ድረስ ቃል አልተናገረም። ከዚያ «ተመስገን» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተናደድሁ። ለአንዲት ቁራጭ በረዶ? «በምኑ ነው የምታመሰግነው?» አልሁት። ዓይኑን ገልጦ አየኝና እንዲህ አለኝ፤ «እታለም፣ ስለ ኩላሊቴ መች አመሰገንሁ? በእሱ ነገር ገና እየተሟገትን ነው። ስለ በረዶዋ ግን ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።»

ያ ንግግር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ወንድሜ ሁለቱን አልቀላቀላቸውም። ሙግቱን አልደበቀም፤ ምስጋናውንም ሙግቱ እስኪያልቅ አላዘገየም። እኔ ምስጋና የሚመጣው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ይመስለኝ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ልመናችሁን «ከምስጋና ጋር» አስታውቁ ይላል፤ ከምስጋና በፊት ወይም በኋላ አይልም። ይህን ሲጽፍ ታስሮ ነበር። በዚያችው በፊልጵስዩስ ከተማም ቀድሞ ከሲላስ ጋር ተገርፎ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት ዘምሯል። ጀርባቸው በዚያች ሰዓት ያመረቅዝ እንደነበረ አልጠራጠርም።

ስለ ምስጋና ጥቅም ሳይንስም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክካላው የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ሰዎች፣ ያስቸገራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው አሳይተዋል። መልካም ነው፤ ጻፉ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በቋንቋችን «አመሰገነ» የሚለው ግሥ ለብቻው አይቆምም፤ «ማንን?» ያስብላል። ወንድሜ «በረዶ ደስ ይላል» አላለም። ለአንድ የሚሰማው ተናገረ። ሆስፒታል ውስጥ ሌሊቱን ብቻቸውን ለሚያድሩ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከታሪክም አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ማርቲን ሪንካርት በጀርመን አይለንቡርግ በምትባል ከተማ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ዘመኑ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 ቸነፈር ከተማዋን ሲመታ ከባልደረቦቹ አንዱ ሸሸ፣ ሌሎቹ ሞቱ፤ እሱ ብቻውን በቀን እስከ 40 እና 50 ሰው ይቀብር ጀመር። በዚያው ዓመት ሚስቱንም ቀበረ። ይህ ሰው ለቤተሰቡ የማዕድ ጸሎት እንዲሆን የጻፈው የምስጋና መዝሙር ዛሬም በብዙ አገር ይዘመራል። ስለ ቸነፈሩ አላመሰገነም። በቸነፈሩ ዘመን ግን ማመስገንን አልተወም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ የሚያለቅስ ሰው ስታገኙ «ተመስገን በይ፣ ከዚህ የባሰ አለ» አትበሉ። በሌላው መከራ የሚለካ ምስጋና ምስጋና አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የሚጸልይ ሰው መድኃኒቱን ይተው የሚልም ካለ አትስሙት። ወንድሜ ማሽኑን ከማሠራታቸው በፊት የነርሶቹን እጅ ባርክ ብሎ ይጸልይ ነበር።

እምነቴ ጠንካራ ነው የምል ሰው አይደለሁም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ወጡ። ኢየሱስ መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጥለህ ና አላለውም። ለብዙ ወራት የእኔም ጸሎት ከዚህ አልዘለለም።

ወንድሜ ያረፈው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እጁ በእጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሦስት ወር ገደማ መጸለይ አልቻልሁም። ያን ጊዜ የሆነውን ስለማልረሳው ነው ዛሬ እዚህ የቆምሁት። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ እቤቴ እየመጡ፣ ብዙ ሳይናገሩ፣ እኔ ዝም ስል እነሱ ጸለዩ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ሕዝቡ መንገድ ቢዘጋባቸው ጣራ ነድለው ሲያወርዱት፣ ጌታ የተመለከተው «እምነታቸውን» ነው ይላል። የተሸካሚዎቹን። ሽባው ምን ያህል ያምን እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም። እኔም በእናንተ እምነት የተወሰድሁባቸው ቀኖች አሉ።

መጸለይ ስጀምር ከትንሹ ጀመርሁ። ማታ ማታ መጀመሪያ ያመመኝን እነግረዋለሁ፣ ሳላሳምር። አልቅሼ ከሆነም አልቅሼ። ከዚያ ያን ቀን በእጄ የነካሁትን አንድ ነገር አስባለሁ። ሐሳብ አይደለም፤ የሚነካ ነገር። ብርድ ልብስ፣ የጎረቤት ልጅ እጅ፣ የበር እጀታ ላይ ያረፈ የጠዋት ፀሐይ። የማመሰግነው ስለዚያ ነው። ስለ ቀሪው፣ ወንድሜ እንዳለው፣ ገና እየተሟገትን ነው።

ስገባ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጣችሁልኛል። ስናገር ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ቅድም ጀምሮ እያየሁት ነው። ልኩ አልተሰመረበትም፤ ከዚያ በኋላ ሚዛን ላይ አልወጣም። ፍቀዱልኝና እስከ መጨረሻው ልጠጣው።

ተመስገን።