ኩባንያ ሲሸጥ ፋብሪካው ምን ይሆናል? የጄንዛይምና የሳኖፊ ጉዳይ

(ምስል፦ ቦስተን፣ ቻርልስ ወንዝ። ዳር ላይ ትልቅ ቀይ የጡብ ሕንፃ።)

ይህ ሕንፃ ለማያውቀው ሰው ካቴድራል ይመስላል። የተሠራው ግን ለመድኃኒት ፋብሪካነት ነው። ያለው ቦስተን ውስጥ፣ ኦልስተን በሚባል ሰፈር ነው። በ2011 የፈረንሳዩ ሳኖፊ የፋብሪካውን ባለቤት ጄንዛይምን በ20.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በስምምነቱ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር ነበር። ለባለአክሲዮኖች ቃል ከተገባው ተጨማሪ ክፍያ ከፊሉ የሚከፈለው፣ የሚመረተው መድኃኒት የተወሰነ መጠን ላይ ከደረሰ ብቻ ነው።

በዚህ ቪዲዮ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጄንዛይም የሚሠራው ብዙ ሰው ስማቸውን እንኳ ሰምቶ ለማያውቃቸው በሽታዎች ነበር። ጎሼ የሚባል በሽታ አለ። ሰውነት አንድ ዓይነት ቅባት የሚያፈርስበት ኢንዛይም ያጥረዋል። ቅባቱ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻል፣ አጥንትም ይጎዳል። ፋብሪ የሚባለው ደግሞ እጅና እግርን ያቃጥላል። ውሎ አድሮ ኩላሊትና ልብ ላይ ይደርሳል። ለጎሼ ሴሬዛይም፣ ለፋብሪ ፋብራዛይም የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። ሁለቱም የጎደለውን ኢንዛይም ይተካሉ። ታማሚው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይወስዳል፣ ያውም ዕድሜ ልኩን።

ሁለቱም የሚመረቱት ደግሞ እዚያው ኦልስተን፣ አንድ ጣሪያ ሥር ነበር።

(ምስል፦ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ሕዋሳት።)

እነዚህ መድኃኒቶች ኬሚካል በመቀመም አይገኙም። የሚያመርታቸው ሕያው ሕዋስ ነው። ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ የተገኘ ሕዋስ ይወሰድና የሰው ዘረመል ይጨመርበታል። ከዚያ ባዮሪአክተር በሚባል ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ምግብ፣ ኦክስጅንና ልክ የሆነ ሙቀት እያገኘ ይባዛል፣ ኢንዛይሙንም ያመነጫል። እርሾ ይዞ ሊጥ ያቦካ ሰው ይህ ነገር አይጠፋውም። ያልተፈለገ ነገር ከገባበት ሁሉም ይበላሻል።

ኦልስተንም የገጠመው ይኸው ነው። ጁን 2009 ላይ ጋኑ ውስጥ ቬሲቫይረስ 2117 የተባለ ቫይረስ ተገኘ። ሰውን የሚያሳምም ዓይነት አይደለም። ግን የሕዋሳቱን እድገት ያቀጭጫል። ፋብሪካው ሥራ አቆመ፣ ከላይ እስከ ታች ተጸዳ። መጋዘን ውስጥ የነበረው ክምችት ደግሞ ስስ ነበር፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ማዮዛይም የሚባል ሦስተኛ መድኃኒትም ተጭኖበት ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ቆይቷል።

የዚህን ትርጉም በሰው አስቡት። መድኃኒቱ በራሽን መሰጠት ጀመረ። ፋብራዛይም ከሚወስዱት ውስጥ ከታዘዘላቸው መጠን 30 በመቶ ብቻ የሚደርሳቸው ነበሩ። ሌላ ፋርማሲ ሄዶ መፈለግ የለም፤ ሌላ የሚሠራው ፋብሪካ የለምና።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ብልቃጦቹ ውስጥ የብረት፣ የጎማና የቃጫ ቅንጣቶች መገኘታቸውን አስታወቀ። ሜይ 2010 ላይ ጄንዛይም በፍርድ ቤት ስምምነት 175 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የውጭ ባለሙያዎች ፋብሪካውን እንዲከታተሉና ብልቃጥ የመሙላቱ ሥራ ከኦልስተን እንዲወጣም ግዴታ ገባ።

ሳኖፊ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኦገስት 2010 ላይ ለአንድ አክሲዮን 69 ዶላር አቀረበ። ጄንዛይም አነሰ አለ። ሻጭ «የፋብሪካው ችግር ጊዜያዊ ነው፣ ምርቱ ይመለሳል» ይላል። ገዢ «እስካላየሁ አላምንም» ይላል። ወራት ተከራከሩ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 2011 ላይ በ74 ዶላር ተስማሙ። በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ አክሲዮን አንድ የወደፊት ክፍያ መብት ተጨመረ። መብቱ የተያያዘባቸው በርካታ ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ እንዲህ ይላል፦ የሴሬዛይምና የፋብራዛይም ምርት በ2011 ከተቀመጠው መጠን ከደረሰ፣ 1 ዶላር ይከፈላል።

የባንክ ባለሙያዎች ሊፈቱት ያልቻሉትን ጥያቄ ለኢንጂነሮች ወረወሩት ማለት ነው።

(ምስል፦ ካርታ። ከቦስተን በስተምዕራብ ፍሬሚንግሃም።)

ሁለተኛ ፋብሪካ አልነበረም ወይ? ነበር። ከቦስተን በስተምዕራብ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከውህደቱ በፊት ጀምሮ እየተሠራ ነበር። ታዲያ ገዢው ገንዘብ አለው፣ ለምን ቶሎ አይጨርሰውም?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ግድግዳውና ጣሪያው እንደማንኛውም ሕንፃ ይነሳል። ከባዱ የማይታየው ነው። አየሩ በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ ያልፋል። በጣም ንጹሁ ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከጎረቤቱ ከፍ ይላል። በር ሲከፈት አየር ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 ፓስካል ብቻ ነው፣ ቆዳ ላይ የማይሰማ። ለመርፌ መድኃኒት የሚሆነው ውኃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 80 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ፣ ቧንቧ ውስጥ ሳያቋርጥ ይዞራል። ከቆመ ባክቴሪያ ይወልዳል።

ቧንቧውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። (ምስል፦ የሚያብረቀርቅ የብረት ቧንቧ፣ በጣም በቅርብ።) ደረጃው ከፍ ያለ የማይዝግ ብረት ነው። ውስጡ እንደ መስታወት ተወልውሏል። በትንሹ ዘመም ተደርጎ ይዘረጋል፣ ጠብታ እንዳይቀርበት። ብየዳው በማሽን ይበየዳል። ከዚያ ቀጭን ካሜራ ውስጡ ይገባና መጋጠሚያው ይታያል። ጉርብጥብጥ ያለ ብየዳ የጀርም መደበቂያ ነው፤ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል። የእያንዳንዱ ብየዳ ቁጥር፣ የበያጁ ስም፣ ቀኑ፣ ሁሉም ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ቫሊዴሽን የሚጀመረው። መጀመሪያ መሣሪያው በትክክል መተከሉ ይረጋገጣል። ቀጥሎ እንደታሰበው መሥራቱ። በመጨረሻም በእውነተኛ ምርት ላይ ውጤቱ እንደማይዋዥቅ። ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚመረት መድኃኒት፣ ተከታትሎ ይመረታል፣ እያንዳንዱም ማለፍ አለበት። አንዱ ከወደቀ ምክንያቱ ተፈልጎ፣ ተጽፎ፣ ሥራው ይደገማል። ሕዋሱ ደግሞ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ቶሎ አይባዛም።

አንድ ሌላ ፈተና አለ። ኢንዛይሙ ላይ ጥቃቅን የስኳር ሰንሰለቶች አሉ። ኢንዛይሙ ወደ ታማሚው ሕዋሳት የሚገባው በእነሱ ነው። ያው ሕዋስ፣ ያው ምግብ፣ ያው ሙቀት ቢሆን እንኳ ጋኑ ሲቀየር ሰንሰለቶቹ ትንሽ ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የፍሬሚንግሃሙ ፋብራዛይም ከኦልስተኑ ጋር አንድ መሆኑ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ ኤፍዲኤ ራሱ መጥቶ ይፈትሻል። ፈቃዱ ለኩባንያው በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ለዚህ መድኃኒት፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ አሠራር ነው የሚሰጠው። ኩባንያው ስሙን ቢቀይር፣ ባለቤት ቢቀይር፣ ይህን አያፋጥነውም።

እንዲያውም ውህደት ሊያዘገየው ይችላል። ሁለት ኩባንያዎች ሁለት ዓይነት የጥራት መመሪያ፣ ሁለት ዓይነት የባች መዝገብ፣ ሁለት ዓይነት የሶፍትዌር ልማድ ይዘው ይመጣሉ። አዲሱ ባለቤት የራሱን ሥርዓት ቶሎ መትከል ይፈልጋል። ይህ የሚገባ ፍላጎት ነው። ግን እያንዳንዱ ለውጥ ተጽፎ፣ ተመዝኖ፣ ጸድቆ ነው የሚገባው። በእኔ እምነት ቫሊዴሽን እየተካሄደ ባለበት ፋብሪካ «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚለውን ሰው ለጊዜው «ቆይ» ማለት ይሻላል። ሰውም አለ። ውህደት ሲሰማ ቀድሞ ሥራ የሚያገኘውና የሚሄደው ቧንቧውን በደንብ የሚያውቀው ነው። እሱ ከሄደ መዝገቡ ይቀራል፤ ለምን እንዲህ እንደተደረገ የሚያስረዳ ግን አይቀርም።

ሳኖፊ ኦልስተንንም አልተወም። የፍርድ ቤቱ ስምምነት ከፋብሪካው ጋር ወደ አዲሱ ባለቤት ተላልፏል። ማምረቱን ሳያቆም እያደሱ፣ ጫናውን ማቅለል ነበር ሥራው። ሴሬዛይም እዚያው ኦልስተን ቀረ። ፋብራዛይም ወደ ፍሬሚንግሃም እንዲሄድ ተወሰነ። ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች ከዚህ በኋላ በአንድ አደጋ አብረው አይቆሙም።

ኤፍዲኤ የፍሬሚንግሃምን ፋብሪካ ለፋብራዛይም ያጸደቀው ጃንዋሪ 2012 ላይ ነው። በስምምነቱ የተጻፈው ዓመት ግን 2011 ነበር። መጠኑ አልተሟላም፤ ባለአክሲዮኖችም ያንን 1 ዶላር አላገኙም።

የፋብሪ ታማሚዎች ከጎደለ መጠን ወደ ሙሉ መጠን መመለስ የጀመሩት በዚያው በ2012 ነው፣ ቫይረሱ ከተገኘ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል።

(ምስል፦ በፕላስቲክ ከረጢት የተሞላ አዲስ የምርት ክፍል።)

በ2019 ሳኖፊ እዚያው ፍሬሚንግሃም ሌላ አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። በዚህኛው ብዙው ሥራ የሚካሄደው ከብረት ጋን ይልቅ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት ከረጢት ውስጥ ነው። አንዱ ባች ሲያልቅ ከረጢቱ ይወገዳል። ለሚቀጥለው ሌላ ይገባል፣ የሚታጠብ ቧንቧም ይቀንሳል። የኦልስተኑ ቀይ ሕንፃ ደግሞ በ2021 ሬዚሊየንስ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ፈቃዱ የቦታና የአሠራር ነውና፣ እዚያ አዲስ መድኃኒት ለማምረት ያ ሁሉ ፍተሻ ከመጀመሪያው መጀመር ነበረበት።