የሪፖርት ሳጥናችን ለምን ባዶ ሆነ?

(በአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሊቀመንበሩ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ መሥራች አባቶቻችን፣ ውድ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እያንዳንዳችሁን በስም እየጠራሁ ባመሰግን ደስ ባለኝ። ግን ምልአተ ጉባኤው እስኪሞላ ስንጠብቅ ረፍዷል። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ ለመጣችሁ ልጆች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባል። እኔ ነካ ነካ ላድርገው። ለላይሰንስ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶችን ማስጠናቱ ቀጥሏል፤ ውጤቱም ያኮራል። የመረዳጃ ገንዘቡ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ደርሷል። የቢሮው ኪራይ ታድሷል፤ ዋጋው ባይነሳ ይሻላል። ስለ ወርሃዊ መዋጮ ገንዘብ ያዣችን ሊያለቅስ ተዘጋጅቷል፣ ለእሱ ትቼዋለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወደከነከነኝ ነገር ልግባ።

አምና እዚሁ አዳራሽ እጅ አውጥተን አንድ ነገር አጽድቀን ነበር። ማንኛውም አባል በሥራ ላይ ያየውን ስህተት፣ ሳይጠብቅ የቀረ ቦልት፣ ሳይፈረም ያለፈ ወረቀት፣ በድካም የተዘለለ ፍተሻ፣ ስሙን ሳይናገር የሚጽፍበት የሪፖርት ሳጥን። በወረቀትም፣ በቴሌግራምም። ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ነበር። ዓመቱ አለቀ። የገቡት ሪፖርቶች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። አንዱ ስለ ካፍቴሪያው ሽሮ ነው። አትሳቁ፣ ሽሮው እውነትም ቀጥኗል። ግን ለዚያ አልነበረም ያጨበጨብነው።

አውሮፕላን መሳፈር የሚፈራ ዘመድ ሲያጋጥመኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የማወራው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 በዓለም ላይ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመሞት ዕድል ከ13.7 ሚሊዮን አንድ ነበር። ከ1968 እስከ 1977 ከ350,000 አንድ ነበር። ሞተሩ ተሻሻለ፣ ራዳሩ ተሻሻለ፣ ሥልጠናው ተሻሻለ። ብዙ የማይወራለት ነገር ደግሞ አለ። ሰዎች ለጥቂት የተረፉበትን ነገር መጻፍ ጀመሩ።

ይህ እንዴት እንደተጀመረ ወጣቶቹ ስሙ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ ደብልዩ ኤ በረራ 514 ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ሊያርፍ ሲቃረብ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተላተመ። 92 ሰው አለቀ። የሚያንገበግበው ምን መሰላችሁ? ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ፣ ከአየር ተቆጣጣሪዎች የሚሰጠውን ያንኑ የማረፊያ መመሪያ በዚያው የተሳሳተ መንገድ ተረድተውት ለጥቂት ተርፈዋል። ለድርጅታቸው ተናገሩ። ድርጅታቸውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ጎረቤት አልሰማም።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካኖቹ ሪፖርት የመቀበሉን ሥራ ለጠፈር ምርምር ድርጅታቸው ለናሳ ሰጡት። ለምን ለናሳ? ናሳ ላይሰንስ አይነጥቅም፣ አይቀጣም። ቅጹ ላይ የጸሐፊው ስም ያለበት ቁራጭ ተቆርጦ ማኅተም ይደረግበትና ለራሱ ለጸሐፊው ይመለሳል። ናሳ ዘንድ የሚቀረው ታሪኩ ብቻ ነው። ይህቺን ቁራጭ ወረቀት አስታውሷት፣ እመለስባታለሁ።

ወደ እኛ የሚቀርበውን ላንሳ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 18 ቀን 2011 ማታ፣ አንድ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከባሊ ወደ ጃካርታ ተነሳ። የአብራሪው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋ ጀመር። አብራሪዎቹ የትሪሙን፣ ማለትም አፍንጫውን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ሞተር፣ ማብሪያ ዘግተው በሰላም አደረሱት። ጎበዞች ናቸው። ካረፉ በኋላ ግን የአውሮፕላኑ ብልሽት የሚመዘገብበት ሎግ ቡክ ላይ የፍጥነቱና የከፍታው ንባብ አይስማማም ብለው ጻፉ። መሪው ሳያቋርጥ መንቀጥቀጡን አልጻፉም። ትሪሙን መዝጋታቸውን አልጻፉም። የሌሊት ሺፍት ቴክኒሺያኑ ምን ያድርግ? የተጻፈለትን ሠራ። ጥፋተኛው ሴንሰር፣ አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው፣ ከጥገና ቤት ሲመጣ ጀምሮ 21 ዲግሪ ያህል ስቶ ነበር፤ ሲገጠምም አልተያዘም። በማግስቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገባ።

አምስት ወር ሳይሞላ መጋቢት 1 መጣ። ያው ዓይነት ማክስ አውሮፕላን፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ 157 ሰው፣ ከ35 አገር። ይህን ለእናንተ መተረክ አይጠበቅብኝም። ሰኞ ሥራ ገብተን ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃተንን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዋናው ጥፋት በአንድ ሴንሰር ቃል ብቻ አፍንጫ የሚደፋ ሶፍትዌር ሠርተው፣ ለአብራሪው በቅጡ ሳይነግሩ የሸጡት ሰዎች ነው። በዚህ አልከራከርም። ግን ያቺ ያልተጻፈች መስመር ዛሬም ትከነክነኛለች።

እ.ኤ.አ. ጥር 2024 የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን በአየር ላይ የበር መድፈኛው፣ ማለትም ጥቅም ላይ ያልዋለውን የበር ቦታ የሚዘጋው ክዳን፣ ተገንጥሎ ሲበር ያየነውም ከዚህ አይርቅም። አራት ቦልት ጎድሎ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሪቬት፣ ማለትም የብረት ማያያዣ ሚስማር፣ ለመጠገን መድፈኛው ተከፍቷል፣ መከፈቱን የሚናገር ወረቀት ግን የለም። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ኢንስፔክተር ማን ይጠራዋል?

ምክንያታችሁን አውቃለሁ፣ በየቡናው ሰምቼዋለሁ። «ብንጽፍስ ማን ያነበዋል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ሞኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ዋሽንግተን ላይ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ ጄት ተጋጭተው 67 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ወደ ኋላ ሲያዩ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያው ኤርፖርት አካባቢ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከ15,000 ጊዜ በላይ ተቀራርበው ማለፋቸው ተመዝግቦ ተቀምጧል። ዳታው ነበረ፣ ተመልካች ጠፋ። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያነብ ኮሚቴ ካልተመረጠ ሳጥኑን ራሴ ነቅዬ እጥለዋለሁ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። አንድ ልጃችን፣ የት እንደሚሠራ አልናገርም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመሣሪያ ሳጥኑን ሲቆጥር አሥር ቁጥር ቁልፍ ጎደለው። አላመነታም፣ ለአለቃው ተናገረ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ጥቂት ነው የቀረው። ፓነል በፓነል ተከፍቶ ተፈለገ። ቁልፉ የዋናው ጎማ ክፍል ውስጥ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ ላይ ጋደም ብሎ ተገኘ። በረራው ዘገየ። ልጁ ምን ተሸለመ? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሃንጋር ውስጥ መሣሪያ ጠፍቶ አያውቅም። በወረቀት ማለቴ ነው። ይገባችኋል።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። ይህ ልጅ ግን አፉን ባይከፍት ያ ቁልፍ አብሮ ይበር ነበር። ዛሬ እዚህ ከኋላ ተቀምጧል፤ አልጠቁመውም፣ ግን እኮራበታለሁ።

እኛስ ምን አደረግን? ግማሽ ዓመቱን በክርክር ፈጀነው። ግማሾቻችሁ «የጸሐፊው ስም ኮሚቴው ዘንድ ይቀመጥ፣ አለዚያ ሳጥኑ የስም ማጥፊያ ይሆናል» አላችሁ። ሌሎቹ «ስም ከተቀመጠ አንድ ቀን ይወጣል» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ አልደብቅም። ኮሚቴው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ቡና ይጠጣል።

ግንቦት ላይ ጠረጴዛ እየመታህ የተቃወምከው ወንድሜ ዛሬ ወንበርህ ባዶ ነው። ትናንት በቴሌግራም «አለሁ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አትጣላኝ፣ ቀረጻው ይደርስሃል። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ፣ እንዲህ ያለውን ቅጽ በሥራ ቦታችሁ ታውቁታላችሁ። ልምዳችሁን አካፍሉን ብለን ለመንናችሁ። የመለሳችሁልን የአውራ ጣት ምልክት ነው። ለአውራ ጣቱ እናመሰግናለን። ቀሪዎቹ ጣቶች ይጻፉልን።

ያዘጋጀነው ማሻሻያ አጭር ነው። ቅጹ ለሁለት ይከፈላል። ስም ያለበት ቁራጭ በተቀባዩ ማኅተም ተደርጎበት በዚያው ሳምንት ለጸሐፊው ይመለሳል፤ ቅጂ አይቀርም። ታሪኩን ሦስት አባላት ያነባሉ፣ በየወሩም ምን እንዳነበቡና ለማን እንዳስተላለፉ በቦርዱ ላይ ይለጥፋሉ። ለሦስቱ ቦታ እስካሁን የተመዘገበ አንድ ሰው ነው። እሱም ጡረታ የወጣ አባታችን ናቸው፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፈርመዋል። እናንተ የሃያ አምስትና የሠላሳ ዓመት ጎረምሶች የት ናችሁ?

ወረቀቱ ወንበራችሁ ላይ አለ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ተቃዋሚ ይቅደም። ማይኩ መሃል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ።