ሚኒሞ እምቢ ያለች ዲቲ 125

አንለይ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን። የዛሬዋ ባለጉዳይ አሮጌዋ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ናት፤ ባለ ሁለት ስትሮኳ። ነዳጅ ሲሰጧት ትበራለች፣ እጅ ሲያነሱላት ጸጥ! ሚኒሞ፣ ማለትም እጀታው ሳይነካ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚሠራበት ፍጥነት፣ አልያዝ ብሏታል። ጋሽ ይበልጣል፣ ከየት ይጀመር?

ይበልጣል፦ ካቻቢቴውን መሬት ከማስቀመጥ። ሰው ሚኒሞ አልያዝ ሲለው የሚሮጠው ብሎኖቹን ወደ መጠምዘዝ ነው። ሚኒሞ ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚስተካከል ነገር ነው። ካንዴላው ካልጸዳ፣ አየር ከጎን እየገባ ከሆነ፣ ብትጠመዝዝ ብትውል ነገ ያው ነው።

አንለይ፦ አየር ከጎን ሲሉ?

ይበልጣል፦ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከሲሊንደሩ የሚያጋጥመው ጎማ አለ አይደል? ከላይ ሸጋ ይመስላል፣ ከሥር ግን ተሰንጥቆ ታገኘዋለህ። በዚያ የገባ አየር ቤንዚን ስላላገኘ ድብልቁን ያሳሳዋል። ምልክቱ፦ እጀታውን ለቀኸው ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፤ እየጮኸ ይቆይና ድንገት ይጠፋል።

አንለይ፦ ቤንዚን እየረጩ የሚፈልጉ አሉ።

ይበልጣል፦ ኧረ ጎማና የጋለ ሲሊንደር አጠገብ ቤንዚን አይረጭም! የሳሙና ውሃ በሲሪንጅ ቅዳና ጎማው ዙሪያ አንጠባጥብ። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ስንጥቁ ያለበት ነው። ጎማው ደህና ሆኖ ጠባዩ ካልተለወጠ በማግኔቱ በኩል ያለውን ኦይል ሲል፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ ያለውን የጎማ ማሸጊያ፣ ጠርጥር። ያለቀው በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የማርሽ ዘይት ስለሚስብ ጭሱ ነጭ ይሆናል፣ የማርሽ ዘይቱም ይጎድላል። ያን ካርቡሬተር አያድነውም።

አንለይ፦ እሺ፣ አየሩ ተዘጋ። ካርቡሬተሩን ፈታነው።

ይበልጣል፦ የቤንዚን መዝጊያውን መጀመሪያ ዝጋ፤ ከዚያ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን የቤንዚን ሳህን አውርድ። መሐል ላይ ረዘም ያለው ዋናው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ነው። ከጎኑ በጉድጓድ ውስጥ የተደበቀው ትንሹ የሚኒሞው ነው። በልኩ የተሳለ ካቻቢቴ ከሌለህ አትንካው፤ ነሐስ ነው፣ አፉ ይላጥብሃል። ስታወጣው ወደ ብርሃን ያዘው፤ ክብ ቀዳዳ ካላየህ ተዘግቷል። ሞተሯ ወራት ስትቆም ቤንዚኑ ይተንና እንደ ሙጫ ያለ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ የሚዘጋው እሱ ነው።

አንለይ፦ በመርፌ ቢወጋስ?

ይበልጣል፦ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ጂግለሩ ላይ የተጻፈው የልክ ቁጥር ውሸት ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘህ አሳልፍ፣ መዳብ ለስላሳ ነው። በጎኑ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎችም አትርሳ። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር ንፋው፤ የካርቡሬተሩን ገላ ጭምር። ከጉሮሮው ወለል፣ እጀታው የሚያነሳው ተንሸራታች በሚያርፍበት አካባቢ፣ ሁለት የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ንፋሱ በሁለቱም ካልወጣ ሥራው አላለቀም። ተንሳፋፊውንና ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያዎቹን፣ ሳታወጣ ግን ንፋስ አትስጥ።

አንለይ፦ ቾኩስ?

ይበልጣል፦ በዚህች ላይ ቾክ የምንለው ክዳን አይደለም፣ ተስቦ የሚነሳ ትንሽ ፒስቶን ነው። ጫፉ ላይ ምስር የምታህል ጎማ አለች። ዕድሜ ሲጫናት ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ ይወጣባትና መግጠም ትተዋለች። ያኔ ቾኩን ብትዘጋውም ቤንዚን ሁልጊዜ ያልፋል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሚኒሞውም ይንገዳገዳል።

አንለይ፦ ጮቄ ተራራ ላይ ደግሞ ያለ ቾክም ቤንዚኑ ይበዛል ይባላል።

ይበልጣል፦ (ይስቃል) ጨዋታው ልክ ነው! ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ስለሆነ ይሻላል። ጂግለሩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ ተመጥኖ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ያው ቤንዚን ይመጣል፣ አየሩ አነሰ። ስለዚህ የአየር ብሎኑ የት ላይ እንደሚስማማ እይ።

አንለይ፦ እንዴት ነው የሚታየው?

ይበልጣል፦ አሥር ደቂቃ ያህል ነድተህ ሞተሩን አሙቅ። ብሎን ሁለት ነው፤ ተለቅ ያለው ተንሸራታቹን የሚያነሳው፣ ቀጭኑ በፊልትሮው፣ ማለትም በአየር ማጣሪያው፣ በኩል ያለው የአየር። የአየሩን በቀስታ እስከ ጥግ አጥብቅ፣ አትታገለው፣ ጫፉ ሹል ነው። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ፍታ። በትልቁ ሞተሩ እንዳይጠፋ ከፍ አድርግና የአየሩን በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያላላህ አሥር አሥር ሰከንድ አድምጥ። ድምፁ ከፍ ብሎ የረጋበት ቦታ እሱ ነው። ከዚያ በትልቁ ዝቅ፣ እንደገና በትንሹ ፈልግ። ሁለት ሦስት ጊዜ።

አንለይ፦ ቢላላ ቢላላ ካልተገኘስ?

ይበልጣል፦ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ከፈለገ ጂግለሩ ትልቅ ነው፤ 25 ተጽፎበት ከሆነ 22.5 ግጠም። ከአንድ ዙር በታች ሲስማማ ደግሞ ወይ ጂግለሩ ትንሽ ነው፣ ወይ አሁንም ግማሹ እንደተዘጋ ነው፣ ወይ አየር ከጎን ይገባል። ልብ በሉ፣ ይህ ብሎኑ በፊልትሮው በኩል ላለው ነው። በሞተሩ በኩል ብሎን ያላቸው ካርቡሬተሮች የሚመጥኑት ቤንዚን ስለሆነ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ሲላላ ቤንዚን ይጨምራል።

አንለይ፦ ዋናውንም ጂግለር አብረን እናሳንሰው?

ይበልጣል፦ ዓባይን የምትሻገር ከሆነ ተወው! ከደጀን ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም አለ። ለማርቆስ ያሳነስከው ዋና ጂግለር ዳገቱን በሙሉ እጀታ ስትወጣ ቤንዚን ያጥረዋል፤ በሁለት ስትሮክ ደግሞ ያ ማለት ፒስቶን መጣበቅ ነው። የሚኒሞውን ጂግለር ብቻ ቀይር።

አንለይ፦ ከመንዳት በፊት የቀረ ነገር?

ይበልጣል፦ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረው። ሚኒሞው ከጨመረ የነዳጁ ገመድ ተወጥሯል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ልቅ አድርግለትና ትልቁን ብሎን እንደገና አስተካክል።