ቁስለቱ ለምን ይመለሳል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ስለ ጨጓራ እያወራሁ ቡና ብጠጣ ትታዘቡኛላችሁ ብዬ ነው።

አዲስ ለሆናችሁ፣ ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። "ኦሜፕራዞል አለ?" የሚለውን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ክኒን ነው። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፤ አንዷ ተልባ ሞክሬ ነበር ትላለች፣ ሌላው አብሽ ያሻለኛል ይላል፣ ከኋላ የቆመው ደግሞ ሳይጠየቅ ምክር ይጨምራል። ለአብዛኛው የጨጓራ ቁስለት መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ወይ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። ባክቴሪያው ታክሞ ሲጠፋ፣ ማስታገሻው ሲቆም፣ ቁስለቱም ይድናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አልድን የሚለው ነው። ታክሞ የሚመለሰው።

በ1955 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ሮበርት ዞሊንገርና ኤድዊን ኤሊሰን የሚባሉ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች የሁለት ሕመምተኞችን ታሪክ ጽፈው አወጡ። ቁስለቱ የወጣው ያልተለመደ ቦታ ላይ ነበር፤ ጨጓራን አልፎ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሆነውን ዱኦዲነምን አልፎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጀጁነም ላይ። ቀዶ ሕክምና ቢደረግም ቁስለቱ ይመለሳል፣ አሲዱም ያለ ልክ ይመነጫል። ሁለቱም ሕመምተኞች ቆሽታቸው ላይ ዕጢ ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ ታዲያ ደፈር ብለው አንድ ነገር ገመቱ፦ ጥፋተኛው ጨጓራው አይደለም፣ ዕጢው የሆነ ሆርሞን እየረጨ ጨጓራውን እያዘዘው ነው። የትኛው ሆርሞን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ጋስትሪን መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፣ ሊቨርፑል ውስጥ በሮደሪክ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ሥራ። እኔ በዚህ ታሪክ የምወደው፣ ሰዎቹ ቁስለቱን ደጋግመው ከመቁረጥ ይልቅ "ለምን ይመለሳል?" ማለታቸውን ነው።

ጋስትሪን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ስንበላ ከጨጓራችን የታችኛው ክፍል ይወጣል፣ "አሲድ አምጡ" ይላል፣ አሲዱ ሲበቃ ደግሞ ዝም ይላል። ዕጢው ግን "በቃኝ" እያላችሁት ወጥ እንደሚጨምርባችሁ የሰርግ ቤት አስተናጋጅ ነው፤ ጾም ሆናችሁም፣ ሌሊትም፣ ማዘዙን አያቆምም። ጋስትሪኖማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዱኦዲነም ላይ ነው፣ አንዳንዴም ቆሽት ላይ። በጣም ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ከፍቶም ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ ያኔ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ጨጓራውን ሙሉ በሙሉ ያወጡት ነበር። ዕጢውን ማግኘት ካቃተ፣ የሚታዘዘውን ማስወገድ ነው። አሲድ የሚቀንሱት መድኃኒቶች፣ ሲሜቲዲን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲመጡ ያ ቀረ። እኔ በየቀኑ ከመደርደሪያ አውርጄ የምሰጠው ክኒን የስንቱን ሰው ጨጓራ አትርፏል!

ግን ይኸው ክኒን ዕጢውን ይደብቀዋል። ቃጠሎው ይጠፋል፣ ቁስለቱ ይድናል፣ ሰውየው ደህና ነኝ ይላል፣ ዕጢው ግን እዚያው አለ። ከእነዚህ ዕጢዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ካንሰር ናቸው፣ ወደ ጉበት ሊዛመቱ ይችላሉ። ብዙዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ለዚህም ነው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ በሽታው እስኪታወቅ ዓመታት የሚያልፉት።

እንቅልፍ እንዳታጡ ብቻ። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ1 እስከ 3 በሚሆነው ላይ ነው የሚገኘው። ቃር ያለበት ሁሉ ዕጢ አለበት እያልኩ አይደለም።

እኔ ጆሮዬን የሚያቆመው ተቅማጥ ነው። ቁስለትና ረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ አንድ ላይ ሲመጡ። የበዛው አሲድ ወደ አንጀት ሲወርድ የአንጀቱን ግድግዳ ይጎዳል፣ ስብ የሚፈጩትን ኢንዛይሞችም ሥራ ያስፈታል፣ ሰውየው ይቀመጣል ይነሳል፣ ይከሳል። ከዚያ ለጨጓራው ብሎ ኦሜፕራዞል ሲጀምር ተቅማጡም አብሮ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ለሐኪም አይናገርም፣ ምክንያቱም ስለ ጨጓራ ሲጠየቅ ስለ ጨጓራ ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ሽንት ቤቱን ማን ያነሳል? ቆሽቴን እርር የሚያደርገው እኛም ባንኮኒው ጀርባ ያለነው ሳንጠይቅ ክኒኑን ቆጥረን መስጠታችን ነው።

ምርመራው በጾም የሚወሰድ የጋስትሪን የደም ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ግን ጣጣ አለ፤ ኦሜፕራዞል ራሱ ጋስትሪንን ከፍ ያደርጋል። አሲድ የማያመነጭ ጨጓራ ያለው ሰውም ጋስትሪኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ አሲዱም አብሮ ይለካል፤ ጋስትሪኑ በጣም ከፍ ብሎ አሲዱም ከበዛ ያኔ ነው ነገሩ የሚያጠራጥረው። "እንግዲያው ክኒኑን ትቼ ልመርመር" የምትሉ፣ እባካችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ዕጢው ካለ በድንገት ማቆም ቁስለቱን እስከ መድማት፣ እስከ መበሳት ሊያደርስ ይችላል። ማቆሙም መቀነሱም የሐኪም ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ዕጢ ካለባቸው ሰዎች ከ4ቱ በአንዱ ገደማ ነገሩ በዘር የሚተላለፍ ነው፣ ኤም ኢ ኤን 1 ይባላል። እዚያ ላይ ማንኛውም ሰው አንገቱ ውስጥ ያሉት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎችም ይታወካሉ፣ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ የኩላሊት ጠጠር ይመላለሳል። እና ቁስለቱ አልድን ያላችሁ ሰዎች፣ አባታችሁ ወይ እህታችሁ በጠጠር ስትሰቃይ የኖረች ከሆነ፣ "ይሄ ከጨጓራ ጋር ምን አገናኘው" ሳትሉ ለሐኪሙ ንገሩት።

ሻዬም ቀዘቀዘ። ሳምንት እንገናኝ።