አሥረኛው ሰውዬ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ያው ከደሴ ነው የማወራችሁ፣ የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውስጥ ገብቶ አልወጣም፣ እኔም ከቤት አልወጣሁም፣ እና ሳምንት ሙሉ ሳብሰለስለው የነበረውን ነገር ዛሬ ልቅዳው ብዬ ቁጭ አልኩ። ከኋላ የዝናብ ድምፅ ከተሰማችሁ ቆርቆሮው ነው።

የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ቅሬ ማለት ሌላው ቦታ እድር የሚባለው ነው፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀባበረው፣ እኔ ራሴ በአባቴ ሙስሊም በእናቴ ወገን ክርስቲያን ዘመድ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ይሄ እኛ ጋ ወሬ አይደለም። እና አምና ሃሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ስራ ላይ ነው የሚውለው፣ ድንኳን ትከል፣ ውሃ ቅዳ፣ ለቀስተኛ አስተናግድ እየተባለ በተራ መመደቡ ይቅርና ሁሉም በቴሌብር ይክፈል፣ በብሩ ሰው እንቅጠር አልኩ። ሁሉም ወደደው። ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችን አረፉ፣ ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ሻዩም ዳቦውም መጣ፣ አንድም የጎደለ ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ብቅ ስል ድንኳኑ ውስጥ ልጃቸውና አራት ሰው ብቻ። ሁላችንም ከፍለናል እኮ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ወንበር ሳበልኝ፣ ምንም አላለም፣ እኔ ግን ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ያኔ ነው ጎንደር ትዝ ያለኝ።

ጎንደር ስማር አንዲት ክላስሜቴ ቤተ እስራኤል ነበረች፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ማለት ነው፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት ከሚጠብቁት ቤተሰቦች። አርብ አርብ ከሰዓት ትጠፋብኛለች፣ ስልኳም ቅዳሜ ማታ ድረስ ዝግ ነው፣ በኋላ አንድ አርብ ነይ አብረን እንዋል ብላ ወሰደችኝ። ሴት አያቷ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ፀሐይ ሳትገባ ዳቦው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሰርቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ እሳቱ ጠፍቶ ማለቅ አለበት ብለው ቤቱን ሲያጣድፉት ደረስን። በድሮው ልማድ ሰንበት ላይ እሳት አይነካም፣ ቀዝቃዛውን ነው የሚበላው። ከዚያ ሲመሽ «ሰንበት ሰላም» ይባባላሉ፣ ወጣቶቹ ደግሞ «ሻባት ሻሎም» ይላሉ፣ እማማ ለሁለቱም ይመልሳሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና እቀጥላለሁ። እማማ የድሮ መንደራቸውን ጸሎት ቤት ሲጠሩት «መስጊድ» ነው የሚሉት። እኔ ሙስሊሟ ደነገጥኩ! ለካ ቤተ እስራኤሎች ከጥንት ጀምሮ ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ነው የሚሉት፣ ያው ከመስገድ ነው፣ ስግድ የሚባለው ትልቁ በዓላቸውም ከዚያው ነው። ስግድ ከአስተስርዮ፣ ከኃጢአት ማስተሰረያው የጾም ቀናቸው ማለት ነው፣ በኋላ በ50ኛው ቀን ነው የሚውለው፣ እማማ ሲያወሩልኝ ልጅ ሆነው ነጭ ለብሰው በጾም ተራራ ይወጣሉ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው በጥላ ተጋርደው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ ሰዉ ለፈጣሪ መገዛቱን ለማሳየት ድንጋይ ይሸከማል። ላይ ሲደርሱ በግዕዝ ይነበባል፣ ላልገባው ደግሞ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል፣ ከሰዓት ወርደው ዳቦውን ቆርሰው ጠላውን ጠጥተው ይጨፍራሉ። ማንበብ የማይችለውስ ምን ይሰራል ብዬ ጠየቅኳቸው፣ «ድንጋዩን ይይዛላ» አሉኝ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይን እያዩኝ። ስግድን እስራኤልም በፈረንጆቹ 2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች፣ ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ ነው የሚከበረው፣ ተራራው ተለወጠ እንጂ መውጣቱ አልቀረም።

እና ቅዳሜ ጠዋት ምኩራብ ይዛኝ ሄደች። ወንዶች በአንድ በኩል፣ እኛ ሴቶች ከመጋረጃ ወዲህ። ድሮ ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ነበር፣ ጸሎቱንም ቄሶቹ በግዕዝ ነበር የሚመሩት፣ አሁን ጎንደር ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ጥቅልል ነው የሚያነቡት። ጓደኛዬ የያዘችው የጸሎት ወረቀት ቃሉ ዕብራይስጥ ነው ፊደሉ ግን የኛው ሀሁ ነው፣ እኔም ምን እንደምል ሳላውቅ አብሬ አነበብኩ።

አባቷ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የሥርዓቱ አስተናባሪ ናቸው፣ ጋባይ ይሉታል። ሰንበት ጠዋት ኦሪት ሲነበብ ሰባት ሰው በየተራ ይጠራል፣ ጥቅልሉ የሚቀመጥበትን ሳጥን የሚከፍት፣ ጥቅልሉን ይዞ የሚዞር፣ አንስቶ የሚያሳይ፣ የሚጠቀልል ሁሉም ሰው አለው። ማን የወላጁ ሙት ዓመት ደርሷል፣ ማን ልጅ ተወልዶለታል፣ ማን ተኳርፎ አንድ ላይ መጠራት የለበትም፣ ይሄን ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያስቡት። ሰንበት ላይ ደግሞ መጻፍ አይፈቀድም! ስለዚህ ሁሉንም አርብ ጨርሰው ስሙን በትንንሽ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጣሉ፣ የተጠራውን ወረቀት ጠርዙን ያጥፉታል፣ በቃ ያ ነው ምልክቱ። ካርዶቹ ከመታጠፍ ብዛት ጆሯቸው ለስልሶ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ያን ቀን እናቱ የሞቱበት አንድ ወጣት ነበር፣ ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት ሊል መጥቷል። ለወላጅ 11 ወር ይባላል፣ ሞት የሚል ቃል ግን አንድም የለበትም፣ ከላይ እስከ ታች ፈጣሪን ማመስገን ነው። እና ሕጉ ምን ይላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን ካዲሽ አይልም፣ አሥር ወንዶች መሟላት አለባቸው፣ ምክንያቱም እሱ ሲል ሌላው «አሜን» ብሎ የሚመልስለት ያስፈልጋል። ጋሼ ቆጠሩ። ሲቆጥሩም አንድ ሁለት አይሉም፣ ሰው አይቆጠርም፣ «ሕዝብህን አድን፣ ርስትህንም ባርክ» ብሎ የሚጀምረው የዳዊት ጥቅስ በዕብራይስጥ አሥር ቃል ነው፣ አንድ ቃል ለአንድ ሰው እያሉ ነው የሚያልፉት (እኛም ጋ ልጅና ከብት አይቆጠርም ይባል የለ)። ቃሉ አንድ ተረፈ። ዘጠኝ ናቸው። ውጭ ዝናቡ እንደ ዛሬው ነው።

ጋሼ አንድ ልጅ ላኩ። ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ማንም ለምን አላለም፣ ማንም ይለፈው አላለም፣ ወጣቱ ግድግዳውን ተደግፎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ብዙ ቆይተው አንድ እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በከዘራ እያዘገሙ ገቡ፣ ሰንበት ስለሆነ ባጃጅ አይሳፈሩም፣ ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ በእግራቸው ነው የመጡት፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ላይ ተጣብቋል። ይቅርታም አልጠየቁ፣ ማንም እግዜር ይስጥልኝ አላላቸውም፣ ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ ልጁ ጀመረ፣ ድምፁ ሲቆረጥ እነሱ አሜን ይላሉ፣ እንደገና ይጀምራል፣ አሜን ይላሉ። ወላሂ የሴት አያቴ ወዳጃ፣ ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበቱ፣ ነው የመሰለኝ፣ መሪው አባት ዱዓ ሲያደርጉ ቤቱ ሁሉ «አሚን» ሲል፣ ቡናው ሲሸት፣ እጣኑ ሲጨስ።

እና እኔ ደሴ ላይ ያጠፋሁት ይሄንን ነው። ብር መላክ ይቻላል፣ አሥረኛው ሰውዬ ግን በቴሌብር አይላክም። ያ ሽማግሌ ማንበብም ላይችሉ ይችላሉ፣ ሰባቱ ውስጥም አልተጠሩም፣ ግን እሳቸው ካልመጡ ያ ልጅ ለእናቱ አፉን አይከፍትም ነበር። እኛ ቅሬ ውስጥ ማንም ባይመጣ የሚጎድል ነገር እንዳይኖር አድርጌ ነው ያስተካከልኩት፣ ሰውም አልመጣም። ጊዜ ያጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ በፈረቃ የሚሰራ አለ፣ ክፍያውን ጭራሽ እናጥፋ አልልም፣ ድንኳኑን የሚተክለው የተቀጠረ ይሁን። ማታ ማታ ከሐዘንተኛው ጋር አብሮ የሚቀመጠው ግን በስም ይመደብ፣ ባልመጣ ቁጥር ጎደለ የሚባል ሰው ይሁን።

ጓደኛዬ አሁንም ጎንደር ናት፣ ትናንት ደውዬ ነገርኳት፣ ጋሼ ካርዶቹን ዛሬም በእጃቸው ነው የሚጽፉት አለችኝ፣ እማማ ግን አርፈዋል። አልሰማሁም ነበር።

እሁድ ስብሰባ አለን። ሊቀመንበሩን አስቀድሜ አናግሬያቸዋለሁ፣ «አንቺው አፍርሰሽ አንቺው ልትሰሪ ነው?» አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው። ካርቶን ቆርጬ የሰፈሩን ሰው ስም አንድ በአንድ እየጻፍኩ ነው፣ 30 ደርሻለሁ። የጎረቤታችን አርባ ማክሰኞ ነው፣ ሰኞ ማታ ልጃቸው ጋ የሚቀመጡትን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ካርድ የኔ ነው።